«ሥራ አጥነቱ ዝቅ ብሏል» ሲሉኝ

ስለ ሥራ ገበያ ስልጠና በሰጠሁ ቁጥር አንድ ሰው እጁን ያወጣና «የሥራ አጡ ቁጥር ዝቅ ካለ አገር የመጣውን ሁሉ ትቋቋማለች» ይለኛል። ሰልችቶኛል።

እስቲ ቁጥሩ ማንን እንደሚቆጥር እንይ። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ሥራ እየፈለገ ያለና ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ ሰው ነው። በሳምንቱ ውስጥ 1 ሰዓት ተከፍሎት ከሠራ ሠራተኛ ይባላል። አዎ፣ አንድ ሰዓት! ተስፋ ቆርጦ መፈለግ ያቆመውም ከሥራ አጦቹ ተርታ ይወጣል።

መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት በምዞርበት ጊዜ አንድ አባት ገጠሙኝ። በዚያ ሳምንት የሠሩት የጎረቤት አጥር በክፍያ መጠገን ብቻ ነው፤ ግማሽ ቀን እንኳ አልሞላም። «ሠርተዋል» የሚለው ላይ ምልክት ሳደርግ አዩኝና «ታዲያ ደመወዜን ከማን ልቀበል?» አሉኝ። በደንቡ መሠረት የሞላሁት ልክ ነበር።

ብዙ ድሃ አገሮች ዝቅ ያለ የሥራ አጥነት ቁጥር የሚያሳዩትም ለዚህ ነው። ሥራ እየፈለጉ ለመቀመጥ ድጎማ ወይም ቁጠባ ያስፈልጋል። የሌለው ሰው ያገኘውን ይሠራል። በዓለም ላይ 2 ቢሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለትም ከሠራተኛው ከግማሽ በላይ፣ ያሉት ኢ-መደበኛ ሥራ (ውልና ዋስትና የሌለው ሥራ) ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ቤት ሲያስቀምጥ ደመወዝ በመደጎም ሊደረስላቸው አልተቻለም፤ ስማቸው ያለበት የደመወዝ መክፈያ የለማ! ድርቅ ወይም ጎርፍ ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ ሲጨንቃቸው የሚሠሩበትን ዕቃ እንኳ ይሸጣሉ።

«ችግር ሲመጣ ሠራተኛ መቀነስ ግድ ነው» የሚሉም አሉ። ግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የጀርመን ኢኮኖሚ ከ5 በመቶ በላይ ሲያሽቆለቁል ሥራ አጥነቱ እምብዛም አልጨመረም። ኩባንያዎች ሰው ከማባረር ሰዓት ቀነሱ፤ ከጎደለው የተጣራ ደመወዝ 60 በመቶውን፣ ልጅ ላለው 67 በመቶውን፣ የሥራ አጥነት መድኑ ሸፈነ። ኩርትስአርባይት ይሉታል። በዚያው ዓመት አሜሪካ ሥራ አጥነቱ 10 በመቶ ደረሰ። ዘዴው ግን የሚያዋጣው ለሚያልፍ ችግር ነው፤ ገበያው ለዘለቄታው የሞተበትን ፋብሪካ በዚህ ማቆየት ገንዘብ ማባከን ነው።

«አረንጓዴ ፖሊሲ የማዕድን ሠራተኛውን ጨረሰው» ለሚለው፦ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1920 ከ1 ሚሊዮን በላይ የድንጋይ ከሰል ሠራተኛ ነበራት፤ የአየር ንብረት ሕጓን በ2008 ስታወጣ የቀሩት ጥቂት ሺዎች ነበሩ።

«ሥራ ውስን ነው፣ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል» ለሚለው ደግሞ ጊዜ የለኝም። የገባውም ደመወዙን ያወጣል፣ ለሌላው ሥራ ይሆናል።

ስለዚህ ፐርሰንት ሲነግሯችሁ ዝም አትበሉ። ስንቱ ውል አለው? ስንቱ በሳምንት ስንት ሰዓት ይሠራል? መፈለግ ያቆመው ስንት ነው? ሙያው ቢቀር ሌላ የሚማርበት ቦታ አለ? ገቢው ቢቋረጥ ስንት ሳምንት ይቆያል? መልስ ከሌላቸው ፐርሰንቱን መልሱላቸው።