ዘር ቆጥሮ ማግለል ምንድን ነው? ጎረምሳ ልጅንስ ምን ያደርገዋል?

መድልዎ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቤት ማቃጠልና ሰው ማፈናቀል ነው። እሱ የመጨረሻው ጫፍ ነው። ከዚያ በፊት ደም የማይታይበት ሌላ ዓይነት አለ፤ ሰውን በሠራው ትተን በተወለደበት መመዘን፣ ከዚያ መናቅ፣ መራቅ፣ መፍራት። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህኛው ነው።

ጎጃም ውስጥ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቀጥቃጩ ማረሻችንን ይሠራልናል፣ ሸክላ ሠሪዋ ምጣዱንና ጀበናውን ትሠራልናለች፣ ዞር ሲሉ ግን «ጠይብ ነው»፣ «ቡዳ ናት፣ ልጁን እንዳታይብሽ» ይባላል። ጣና ዳር ያሉት ነገደ ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፣ ሐይቁን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ድሮ ጉማሬ አድነው ይበሉ ነበር ተብሎ ግን ዛሬም ከነሱ ጋር ማዕድ መቅረብ የሚጠየፍ አለ። ከመተከል በኩል የመጣ የጉሙዝ ልጅ ደግሞ በመልኩ ብቻ ስንት ስም ይወጣለታል። ጋብቻ ሲታሰብም «አጥንቱ ምንድን ነው?» ተብሎ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ የከለከሉት እኮ በ1900 ዓ.ም. ነው! ስድቡ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉርምስና የሚለው ከ10 እስከ 19 ያለውን ዕድሜ ነው። ኤሪክ ኤሪክሰን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ የዚህ ዕድሜ ትልቁ ሥራ «እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን መመለስ ነው ይል ነበር። ልጁ መልሱን የሚፈልገው ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ጓደኛው፣ ክፍሉ፣ ሰፈሩ እንዴት እንደሚያየው ይከታተላል። ሕፃን እያለ «ቡዳ» ሲባል ትርጉሙ አይገባውም ነበር። አሁን ይገባዋል። የተባለው ለእሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ እናቱንና አያቱንም ጨምሮ እንደሆነ ይገባዋል።

አንዲት የ14 ዓመት ልጅ አስቡ። ክፍል ውስጥ ማንም አይሰድባትም። ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት ግን እጁን የሚዘረጋ የለም። የቡድን ሥራ ሲኖር ለመጨረሻ የምትመረጠው እሷ ናት። አንድ ልጅ ሆዱን ሲያመው ሁለት ሦስት ዓይን ወደ እሷ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ባይላትም እሷ መጠበቅ ትጀምራለች፤ ሲሳቅ በእኔ ይሆን ትላለች፣ አዲስ ጓደኛ ስታገኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲሰማ ይሸሸኛል ብላ ቀድማ ትሸሻለች። ለእኔ ትልቁ ጉዳት ይኼ መጠበቅ ነው። ስድቡ አልፎ ይሄዳል፣ ክፉ ነገር መጠበቁ ግን ቤት ድረስ አብሯት ይገባል፤ ሰውነቷ አደጋ እንዳለ ሁሉ ሲወጣጠር ይውላል፣ እንቅልፍ ይቀንሳል፣ ራስ ምታትና ሆድ ቁርጠት ይመጣል፣ ደብተር ተከፍቶ ሐሳብ ሌላ ቦታ ይሆናል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ በዘርና በብሔር መድልዎ ላይ የተሠሩ 214 ጽሑፎችን ሰብስቦ አይቷል፤ በጠቅላላው ከ91 ሺህ በላይ ታዳጊዎች ማለት ነው። መድልዎ የበዛባቸው ልጆች ላይ ድብርትና ጭንቀት ከፍ ብሎ፣ ለራስ የሚሰጥ ግምት ዝቅ ብሎ፣ ትምህርት ተዳክሞ፣ እንደ መጠጥና ሱስ ያለ አደገኛ ነገርም ጨምሮ ተገኝቷል። ጥናቶቹ ስለ ጎጃም የተሠሩ አይደሉም። ግን ብቻን የሚበላ ምሳ የትም አገር ያው ነው።

ትምህርቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1995 እ.ኤ.አ. ክላውድ ስቲልና ጆሽዋ አሮንሰን አሜሪካ ውስጥ ጥቁር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ፈተኑ። «ፈተናው የማሰብ ችሎታችሁን ይለካል» ሲባሉ ውጤታቸው ወረደ፤ እንደ ተራ መልመጃ ሲቀርብላቸው ግን የተሻለ ሠሩ። ስለ ወገንህ የሚባለውን ክፉ ነገር እውነት እንዳታደርገው መፍራት ራሱ ጭንቅላትህን ይሻማል። «የእነሱ ልጅ ትምህርት አይዘልቀውም» እየተባለ ያደገ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ሲቀመጥ ይህን ሸክም ይዞ ነው።

ብዙ ወላጅ «ቻለው፣ ዝም በል» ይላል። ከደግነት ነው፣ ይገባኛል። ግን ልጁ የሚሰማው «እውነት ስለሆነ ነው ዝም የሚሉት» የሚለውን ነው። የሚያግዘው የተደረገበት በደል መሆኑን በግልጽ መንገርና ስለ ወገኑ የሚኮራበትን ነገር ማሳወቅ ነው፤ ስለ ራሱ ሕዝብ ጥሩ ስሜት ያለው ልጅ የመድልዎን ጫና ይበልጥ እንደሚቋቋም ብዙ ጥናት ያሳያል። አያቱ ብረት እንዴት እንደሚያቀልጥ ያሳየው። መምህር ከሆንክ ደግሞ ቡድኑን ተማሪዎቹ እንዲመራረጡ አትተው፣ አንተ መድብ። ስድብ ስትሰማም «የልጅ ነገር» ብለህ አትለፈው፣ እዚያው ክፍሉ ፊት አስቁመው። ልጁ መብላትና መተኛት ካቆመ፣ ከሰው ከራቀ፣ መሞትን ካነሳ ግን ምክር ብቻውን አይበቃም፤ ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት።