ሬዲዮ በጅማ፦ በምን ይኖራል፣ ወዴትስ ይሄዳል?

በጅማ ስለሚሠሩ ሬዲዮዎች በአማርኛ አንድ ላይ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። ቡናው ተጽፎለታል። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ተጽፎለታል። ሬዲዮው ግን ይነገርና ያልፋል። በምን ገንዘብ ይሠራል፣ ስልክ ሁሉን በያዘበት ዘመንስ እንዴት ይቆያል የሚለውን የሚያሰባስብለት ሰው አላገኘም። አቅሜ የፈቀደውን ያህል እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ከመልክዓ ምድሩ ልጀምር፤ የሬዲዮ ሥራ መጀመሪያው ሞገዱ የት ድረስ ይሄዳል የሚለው ነውና። ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ዙሪያዋን ኮረብታ ነው። ኤፍ ኤም ደግሞ ቀጥ ብሎ ነው የሚጓዘው፤ ኮረብታ ሲገጥመው ይዳከማል። ስለዚህ መርካቶ ወይም ፈረንጅ አራዳ ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ ወደ ዴዶ ወጥተው አንድ ሸንተረር ሲታጠፉ ሊጠፋ ይችላል። ማስታወቂያ የሚያስነግር ነጋዴም ቶሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ «አጋሮ ይሰማል? ሰቃስ?»

የቀድሞው ዘመን ታሪክ አጭር ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ምዕራቡን አገር የሚያዳርሰው መቱ ላይ በተተከለው የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ነበር፤ ከዚያ በፊት በአጭር ሞገድ ይደመጥ የነበረው ብሥራተ ወንጌል የተባለው የሃይማኖት ሬዲዮም በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ሲጀመርም ለጅማ ሰው የሩቅ ወሬ ነበር፤ የሚሰማው አዲስ አበባና አካባቢዋ ብቻ ነው።

የጅማ የራሷ ድምፅ የመጣው በዩኒቨርሲቲዋ በኩል ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አንባቢ ይታገሰኝ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የተመሠረተ ነው። መሪ ቃሉ «እኛ በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚል ነው። ቃሉ ለግድግዳ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ተማሪዎች ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር ወጥተው ከሕዝቡ ጋር እየሠሩ የሚማሩበት አሠራር ዩኒቨርሲቲው ከጥንቱም የሚታወቅበት ነው። ከዚሁ ሐሳብ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ሬዲዮ ኤፍ ኤም 102.0 በ1990ዎቹ መጨረሻ ተወለደ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የማኅበረሰብ ሬዲዮ እሱ ነው ብለን የምንከራከር ብዙ ነን። ቢያንስ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ መሆኑ አያከራክርም።

የማኅበረሰብ ሬዲዮ ማለት በሕጉ ቋንቋ ለትርፍ የማይሠራ ማለት ነው። በ1999 የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ይህን ግልጽ አድርጎት ነበር፤ አዋጁ በ2013 በሌላ ተተክቷል። ጣቢያው ገቢ ማግኘት ይችላል፤ ከማኅበረሰቡ መዋጮ፣ ከእርዳታ፣ ከስፖንሰር። ያገኘውን ግን መልሶ እዚያው አገልግሎቱ ላይ ብቻ ነው ማዋል ያለበት። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲህ ቢዝነስ አይደለም» ይላል። እኔ አልስማማም። ትርፍ አለመፈለግ ወጪ አለመኖር አይደለም። መብራት አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ የጋዜጠኛ ደሞዝ አለ፣ አንቴና አለ። በክረምት መብረቅ በሚበዛበት በእኛ አገር አንድ መብረቅ የሚያቃጥለው ዕቃ የወራት ገቢ ሊበላ ይችላል።

የዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ትልቁ ሀብት ግን ገንዘብ አይደለም። ባለሙያ በእግር መንገድ ርቀት ላይ መኖሩ ነው። ስለ ወባ ወይም ስለ እናቶች ጤና ፕሮግራም ሲዘጋጅ የሕክምና ማዕከሉ ሐኪም አጠገብ ነው። ስለ ቡና ፍሬ በሽታ ጥያቄ ቢመጣ የግብርና ኮሌጁ አለ። ከከተማ ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ደግሞ በሽታ የሚቋቋሙ የቡና ዝርያዎችን ያወጣው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ሌላ ቦታ አንድ ጣቢያ ለእንዲህ ያለ ይዘት አበልና ትራንስፖርት ከፍሎ ነው የሚያገኘው። እዚህ ደጃፍ ላይ ነው። የጋዜጠኝነት ተማሪውም ማይክ ፊት ተቀምጦ እጁን ያፍታታል፤ ተንተባትቦ የጀመረ ልጅ በሁለተኛው ዓመት ቀጥታ ስርጭት ሲመራ መስማት እንዴት ደስ ይላል!

ጥገኝነት ግን አለ። ዋናው በጀት ከአንድ ቤት ሲመጣ የዚያ ቤት በጀት ሲጠብ ሬዲዮውም አብሮ ይጠብባል። «የማኅበረሰቡ ሬዲዮ ወይስ የግቢው ሬዲዮ?» የሚለው ጥያቄም ከዚሁ ይመነጫል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው ልበል።

ሌላው ፋና ኤፍ ኤም 98.1 ነው። የፋና መንገድ የኔትወርክ መንገድ ነው። ሬዲዮ ፋና በ1987 ተቋቋመ፤ ኋላ በየከተማው ኤፍ ኤም ከፈተ፤ ጅማ ከእነዚህ አንዷ ናት። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ አዲስ አበባ ላይ አንዴ የተሸጠ ማስታወቂያ በየቅርንጫፉ ይሰማል፣ ዜናው በጋራ ይሠራል፣ ወጪው ይከፋፈላል። ጉዳቱ የአካባቢ ሰዓት ከማዕከሉ ሰዓት ጋር የሚሻማ መሆኑ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የንግድ ሬዲዮ የሚኖረው በሦስት ነገር ነው፤ በስፖት ማስታወቂያ፣ በስፖንሰርና የአየር ሰዓት ለተባባሪ አዘጋጅ በመሸጥ። የመጨረሻው በእኛ አገር የተለመደ ነው። አዘጋጁ ሰዓቱን ይገዛል፣ ስፖንሰሩን ራሱ ይፈልጋል፣ ከተረፈው ይኖራል። ጎበዝ አዘጋጆችን ያፈራ አሠራር ነው፤ ግን ስፖንሰር ሲጠፋ ፕሮግራሙም በአንድ ሳምንት ይጠፋል። ለዓመታት ትልቁ ስፖንሰር ቢራ ነበር፣ በተለይ ለስፖርት። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ለጤና ጥሩ ነው፤ ለጣቢያዎች ግን አንድ ምሰሶ ነበር የወደቀው። ያንን ክፍተት ለመድፈን ባንኮች፣ የግል ኮሌጆች፣ ክሊኒኮች፣ ሆቴሎች፣ የቤት ዕቃ መሸጫዎች ቢመጡም አንድ ትልቅ ከፋይ በብዙ ትናንሽ ከፋይ መተካት ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ሱቅ ለሱቅ መዞር፣ ሻይ መጠጣት፣ ማሳመን ይፈልጋል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የማሰራጫ መለዋወጫ ዋጋ ሌላ ራስ ምታት ሆኗል፤ ገቢው በብር ነው፣ ዕቃው በዶላር።

ተፎካካሪው ማን ነው? ብዙ ሰው ቲክቶክ ይላል። ልክ ነው፤ ሳፋሪኮም በ2015 ከገባ ወዲህም የዳታ ምርጫ ሰፍቷል። ግን ባጃጅ ውስጥ ገብታችሁ እዩ። ሹፌሩ ፍላሽ ሰክቶ የራሱን ዘፈን ነው የሚያጫውተው። ሬዲዮ ዘፈን በማጫወት ፍላሽን አያሸንፍም። ሬዲዮ የሚያሸንፈው ፍላሽ ውስጥ በሌለ ነገር ነው፦ ዛሬ መንገዱ የት ተዘጋ፣ መብራት የት ጠፋ፣ ማን ምን ጠፋበት፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው፣ የሐሙስ ገበያ እንዴት ዋለ። ሰው ለእነዚህ ጆሮውን ይሰጣል። ጆሮ ባለበት ደግሞ ማስታወቂያ ይመጣል።

ቡና እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የጅማ ዞን ኑሮ በለቀማ ነው የሚሽከረከረው። ጎማ፣ ጌራ፣ ማና፣ ሊሙ ያለ ገበሬ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እሸት ቡና ዛሬ ኪሎው ስንት ገባ፣ ጀንፈሉስ (ከነገለባው የደረቀው)? ለዚህ ስልክም መጥቷል፤ 8028 የሚባለው የግብርና መረጃ መስመር ከ2006 ጀምሮ በነፃ ይደወልለታል። ስልኩ ምክር ይሰጣል። ጎረቤት ቀበሌ ትናንት ማታ ሰብሳቢው ስንት እንደገዛ ሊነግር የሚችለው ግን እዚያው ያለ ሬዲዮ ነው። በየወረዳው ሁለት ሦስት የታመነ ሰው ይዞ ጠዋት ጠዋት ዋጋ የሚያነብ ፕሮግራም ስፖንሰር አያጣም። የቡና ማጠቢያው፣ የገበሬዎች ዩኒየኑ፣ ባንኩ፣ የጆንያ ነጋዴው ሁሉ ያንን ሰዓት ይፈልገዋል።

እግር ኳስም ትምህርት ሰጥቷል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ፕሪሚየር ሊጉን በገባበት ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ ከተማው በሙሉ ጆሮ ነበር። በ2013 ዲኤስቲቪ ጨዋታዎቹን ማሳየት ሲጀምር ሰው ወደ ስክሪን ዞረ፤ ክለቡም በ2014 ከሊጉ ወረደ። ያንን ድምፅ ቀድተው ያስቀመጡ ካሉ ሀብት ይዘዋል። የድምፅ መዝገብ ማለት ይህ ነው፦ ዛሬ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ላይ በየቁራጩ የሚለቀቅ፣ ነገ ታሪክ የሚሆን። ከአንድ ሰዓት ፕሮግራም አምስት ደቂቃውን ቆርጦ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ወጪው የአንድ ወጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በትምህርትም በሥራም ጅማን ትቶ አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ያለው ልጇ ሞገዱ አይደርሰውም፤ ቴሌግራሙ ግን ይደርሰዋል።

አድማጭን ማሳተፍም በርካሽ ይቻላል። ፋርም ሬዲዮ ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅት በአፍሪካ ያስለመደው አንድ ዘዴ አለ፤ አድማጩ ለመረጠው መልስ በተመደበው ቁጥር ሚስኮል ብቻ ያደርጋል፣ ሳንቲም አይከፍልም፣ ጣቢያው ይቆጥራል። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ይህን ቢይዝ ስፖንሰር ፊት «ይህን ያህል ሰው ይሰማናል» ብሎ ቁጥር ማሳየት ይችላል። አሁን ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ግምት ነው።

መዋጮውስ? እድር ለዘመናት ያለ ባንክ ኖሯል። አባላቱ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ሲቸግር ድንኳኑ ይተከላል። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ አንድ አድማጭ ዴዶ ሆኖ 20 ብር ለሬዲዮው መላክ ይችላል፤ ሕጉም የማኅበረሰብ መዋጮን ይፈቅዳል። የቀረው ሰውየው ስሙ በአየር ላይ ተነስቶ «እናመሰግናለን» ሲባል መስማቱና ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ በየመንፈቁ መነገሩ ነው፤ በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ ቢቻል ለየምና ለዳውሮ አድማጭ በቋንቋው።