ሲግናል ላይ አንድ ራይት (✓) ብቻ ሲታይ

«አንድ ራይት ብቻ ነው፣ ብሎክ አድርጋኝ ይሆን?» የሚለው ሲግናል ስለሚባለው የመልእክት አፕ የሚነሳ ጥያቄ ግሩፓችን ላይ በዛ።

አንድ ራይት ማለት መልእክቱ ሰርቨሩ (መልእክት የሚያስተላልፈው የሲግናል ኮምፒውተር) ጋ ደርሷል ማለት ነው። ሁለት ሲሆን የላካችሁላት ሰው ስልክ ላይ ገብቷል። ራይቶቹ ያሉባቸው ክቦች ውስጣቸው ሲሞላ ተነቧል።

ለምሳሌ ፒያሳ ሆናችሁ «ለገሃር ጠብቂኝ» ብላችሁ ላካችሁ፤ እሷ ግን ዳታ አጥፍታለች። መልእክቱ እንደተቆለፈ ሰርቨሩ ላይ ይጠብቃታል። ሰርቨሩ ራሱ እንኳ ሊያነበው አይችልም። ዳታ ስትከፍት ይገባላታል፣ ሁለተኛው ራይትም ያኔ ይመጣል። ብሎክ የተደረገም ሰው የሚያየው ያንኑ አንድ ራይት ስለሆነ፣ በሱ ብቻ መኳረፍ ደግ አይደለም።

እስከዚህ ለሁሉም አንድ ነው። የሚለያየው «ተነቧል» የሚለው ነው፦ ከሁለት አንዳችሁ ሴቲንግ ላይ ካጠፋችሁት፣ ቢነበብም አይታይም። የቸኮለ ቀጠሮ ካላችሁ በቀጥታ ደውሉ።