ጌታቸው መኩሪያ፦ በሳክስፎን የፎከረው ሰው

ጌታቸው መኩሪያ ጎንደሬ አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ፣ እኛ ጎንደሮች ደስ ያለንን ሁሉ «የኛ ልጅ ነው» ማለት ይቀናናልና። የይፋት ልጅ ነው። በ1935 ተወለደ፣ በ1949 ገና የአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ ባንድ ገባ፣ በ2016 በ81 ዓመቱ አረፈ። በመሃል ያለው ከስልሳ ዓመት በላይ የሚሆን ጊዜ ሳክስፎን ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የማስቀምጠው። አልበሞቹ ላይ እንደዚያ ስለተጻፈ እየቀያየርኩ ላደናግራችሁ አልፈልግም።)

ታዲያ ጎንደር ተቀምጬ ስለ እሱ የምጽፈው ለምንድነው? በሽለላ ምክንያት።

እዚህ ያደገ ሰው ሰርግ ላይ አንድ ጎልማሳ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲንጎራደድ ሳያይ አላደገም። መጀመሪያ ቀረርቶው ይመጣል፣ ረዥም፣ የተጎተተ፣ ገደል ማዶ ያለ ሰው እንዲሰማው የተባለ የሚመስል። ሽለላው ደም ያሞቃል። ፉከራው ላይ ሲደረስ ዜማው ወደ ኋላ ይቀርና ቃሉ ብቻ ይንጣጣል፤ «ዘራፍ!» ብሎ ይነሳል፣ የማን አሽከር እንደሆነ ይናገራል፣ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ ይቆጥራል፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ድረስ ሳያቋርጥ ያወርደዋል። ከዚያ ዝም። ዞር ብሎ ሰዉን ያያል። እንደገና ይነሳል።

ጌታቸው ያደረገው ይህንን እንዳለ ወስዶ ቃሉን አስቀርቶ በቴነር ሳክስ መንፋት ነው። ሽለላን በመሣሪያ ብቻ ካስቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው። ነገሩ በወሬ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ስትሰሙት ግን ዜማ እየሰማችሁ አይደለም፣ አንድ የተቆጣ ሰው እያናገራችሁ ነው። አንድ ድምፅ ይይዝና ይጎትተዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ድንገት ይለቀውና ኖታዎቹን እርስ በርስ እያጋጨ ያፈሳቸዋል፣ ልክ ምላሱ የቀደመው ፎካሪ። የሚያቆመውም ሙዚቃው ሐረግ ስለጨረሰ ሳይሆን ፎካሪ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ስለደረሰ ነው።

እንዴት እዚህ ደረሰ ለሚለው አጀማመሩን ማየት ነው። ሳክስ ከመያዙ በፊት ክራርና ማሲንቆ ተጫውቷል። ለእኔ ትልቁ ፍንጭ ይሄ ነው። ማሲንቆ አንድ የጭራ ክር ነው ያለው፣ ድምፁ የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው ጣት ነው፣ ጣት ደግሞ ይንቀጠቀጣል፣ ይንሸራተታል። ሳክስ ቁልፎቹ የተቆጠሩ ናቸው፤ በሁለት ድምፆች መሃል ለመግባት ከንፈርና ትንፋሽ ነው የሚሠራው። ጌታቸው ቁልፉን እየተጫነ የማሲንቆ ጣት የሚፈልግ ሰው ይመስለኛል። የድምፁ ያ ሰፊ መንቀጥቀጥ ከየትም ሳይሆን ከዚያ ነው የመጣው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ስለ መሣሪያው ካነሳን አይቀር፣ ሳክስፎን የቤልጅግ ሰው የሆነው አዶልፍ ሳክስ ሥራ ነው፣ የፈጠራ መብቱን በ1846 አስመዘገበ። አካሉ ነሐስ ቢሆንም ከመለከት ወገን አይቆጠርም፣ ምክንያቱም ድምፁ የሚነሳው አፉ ላይ ከምትታሰረው ስስ የሸምበቆ ስንጣሪ ነው። ሸምበቆ! የእረኛው ዋሽንት የሚሠራበት ሸምበቆ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሳክስ እንደ ድሮው የፈረንጅ ዕቃ ሆኖ አይታየኝም።

በጌታቸው ልጅነት ግን ሳክስ የሰልፍ ዕቃ ነበር። የአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ከወታደር ቤትና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የወጣው። በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ አቆሙ፣ ከዚያ ክቡር ዘበኛውም፣ ጦር ሠራዊቱም፣ ፖሊሱም የየራሱን ኦርኬስትራ አደራጀ። ማዘጋጃ ቤትም ባንድ ነበረው፣ ጌታቸው በ1949 የገባው እዚያ ነው። ክላርኔትም ይነፋ ነበር። በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር (የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር) ለንጉሡ የንግሥ 25ኛ ዓመት ሲከፈት ወደዚያ ተዛወረ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን እዚያ የአገር ዜማዎችን ለትልቅ ኦርኬስትራ ያቀናብር ነበር፣ ለወጣት ነፊ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አልነበረም። በ1965 ደግሞ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገባ።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የደመወዝ ሥራ ነው። ዩኒፎርም አለው፣ ሰዓት አለው፣ አለቃ አለው። ሳክስ ነፊ ማለት ከሌሎች ነፊዎች ጋር በአንድ ረድፍ ተቀምጦ ከዘፋኙ ጀርባ የተሰጠውን የሚነፋ ሰው ነው። ጌታቸው ግን ሽለላው ሲደርስ ተነስቶ ወደ ፊት ይወጣል። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ራሱ ላይ ደፍቶ፣ ለምድ ደርቦ የሚታይበት ጊዜም ነበር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ለጭብጨባ የሚለበስ የባህል ልብስ አልነበረም፤ ሽላይ የሚለብሰውን ነው የለበሰው፣ የያዘው ሳክስ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በፊሊፕስ ስም አንድ ሙሉ የሸክላ አልበም ወጣለት። ስሙ በአማርኛ ሲመለስ «የኢትዮጵያ ሳክስ ንጉሥ» ማለት ነው። ዘፋኝ የለበትም። ዘፋኝ በነገሠበት ዘመን ለአንድ ነፊ እንዲህ ያለ ሸክላ መውጣቱ ራሱ ምን ያህል ይፈለግ እንደነበር ይነግራል። ብዙ ሳይቆይ የ1974 አብዮት መጣ። የሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦቹን አንቆ ያዛቸው፣ ብዙ ሙዚቀኛ ከአገር ወጣ፣ የሸክላው ገበያ ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። ጌታቸው አልወጣም። እዚሁ ሲነፋ ኖረ።

እና እኛስ ምን አደረግነው? «ክላሲካል» አልነው። ድምፃዊ የሌለበትን ሙዚቃ ሁሉ ክላሲካል እንላለን አይደል፣ ሞዛርትም ክላሲካል፣ የትዝታ ሳክስም ክላሲካል። ሚኒባስ ውስጥ ይከፈታል፣ ዜና እስኪጀምር ይሞላል፣ የኀዘን መግለጫ ሥር ይለቀቃል። የነፊው ስም አይጠራም። የጌታቸውን ሳክስ በጆሮው የማያውቅ ትልቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ስሙን ንገሩኝ ብትሉ ግን ስንቱ ይመልሳል?

ስሙን ውጭ አገር ያስጠራው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ከ1997 ጀምሮ የድሮ ሸክላዎቻችንን «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ በሲዲ ያወጣ የነበረው እሱ ነው፣ 14ኛው ቅጽ በ2003 የወጣው የጌታቸው ሥራ ነው። የውጭ ጃዝ ሰሚዎች ሲሰሙት ደነገጡ። ኦርኔት ኮልማንን አነሱ፣ አልበርት አይለርን አነሱ፣ አሜሪካ ውስጥ የጃዝን ሕግ ሰብረው እንደ ልባቸው የነፉትን ማለት ነው። ንጽጽሩ ለምን እንደመጣ ይገባኛል፣ ድምፁ ይመሳሰላል። መንገዱ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሕግ ሲሰብሩ ነው እዚያ የደረሱት። ጌታቸው የሰበረው ሕግ የለም፣ የፉከራን ሕግ ነው ያከበረው።

ለዚህም ነው «ኢትዮ ጃዝ» የሚለው ስም ለእሱ ጥብቅ የሚልበት። ስሙ የሙላቱ አስታጥቄ ነው፣ ሙላቱም እንግሊዝና አሜሪካ ተምሮ የጃዝን የድምፅ ስምምነት (ሃርሞኒ) ከአራቱ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር አስቦ፣ አስልቶ ነው ያጋባው። ጌታቸው ምንም አላጋባም። ሁለቱንም እወዳለሁ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጡ ግን ቅር ይለኛል።

የመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ከሁሉ የሚገርሙኝ ናቸው። በ2004 ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለ የቦስተን የጃዝ ባንድ አዲስ አበባ መጥቶ ሲጫወት ጌታቸው አብሮት ነፋ። በዚያው ዓመት ደግሞ «ዘ ኤክስ» የሚባሉ የሆላንድ ሙዚቀኞች 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ አምስተርዳም ጋበዙት። እነዚህ ሰዎች ፓንክ ናቸው። ፓንክ ለማታውቁ፣ ጊታሩ የሚጮህ፣ የሚቧጥጥ፣ ዘፈኑ በቁጣ የሚባል፣ ሰርግ ላይ ቢከፈት ሽማግሌዎች ወጥተው የሚሄዱበት ዓይነት ሙዚቃ ነው። ከእነሱ ጋር አልበም እንሥራ ብሎ የጠየቀው ራሱ ጌታቸው ነው! ሰባ ዓመት የሞላው ሰው። በ2006 «ሞአ አንበሳ» ወጣ፣ በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» ተከተለ፣ በመሃል አውሮፓን አብረው ዞሩ፣ በ2008 ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ደጅ ላይ ተጫወቱ።

ለምን ከፓንኮች ጋር ተስማማ? የኔ ግምት ይሄ ነው። ፎካሪ ብቻውን አይፎክርም። ዙሪያውን ከቦ የሚያቀጣጥለው፣ «በለው!» የሚለው፣ ዱላ የሚያጋጭለት ሰው ይፈልጋል። ጨዋ፣ ልስልስ ያለ የሆቴል ባንድ ከኋላው ሲቀመጥ ፉከራው ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል። የሆላንዶቹ ጊታሮች ግን ይጮሁበታል፣ እሱም ይብስበታል። «ሞአ አንበሳ»ን በጥሩ ማዳመጫ ስሙት፣ ያልኩት ይገባችኋል።

መጋቢት 26 ቀን 2008 በእኛ አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ አረፈ። ያስቀረው ብዙ ነው። ፓሪስ ውስጥ አካሌ ውቤ የሚባል የፈረንሳዮች ባንድ ተቋቁሟል፣ ስሙን የወሰደው እሱ ይነፋው ከነበረ ዜማ ነው። እዚህም ከእሱ በኋላ የመጡ ነፊዎች አሉ፣ ከእነሱ አንዱ ጆርጋ መስፍን ነው፤ የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ የሠራውን «ጤዛ» ያየ ሰው የጆርጋን ሙዚቃ ሰምቶታል። (ይኸው፣ «የኛ ልጅ» ሳልል አላለፍኩም።)

ከተማችን ውስጥ ግን ሳክስ ብርቅ ነው። ባለፈው ጥር የዘመዴ ሰርግ ላይ የተከራየነው ባንድ «ሳክስ አለን» ብሎ ዋጋ ጨምሮብን ነበር። ቀኑ ደርሶ ሳክሱን ስፈልግ ኪቦርዱ ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ ሆና አገኘኋት። ቲን ቲን ትላለች። ትንፋሽ የሌለው ሳክስ ምን ይባላል?

በዚያው ሰሞን ፒያሳ አካባቢ አንድ አዝማሪ ቤት ገብቼ፣ ሰዓቱ ገና ስለነበር ቤቱ ባዶ ነበር፣ ለአዝማሪው የጌታቸውን ሽለላ ከስልኬ አሰማሁት። ስለ ነፊው ምንም አልነገርኩትም። ስልኩን ጆሮው ላይ አስጠግቶ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

«ይሄ ሰውዬ ማንን ነው የሚያስፈራራው?» አለኝ።

ማሲንቆውን አነሳ፣ ጭራውን ሙጫ አስነካና በደጋኑ ይከተለው ጀመር። የመጀመሪያውን ረዥም ድምፅ አገኘው። መንቀጥቀጡንም አገኘው፣ እንዲያውም አሳመረው። ፉከራው ሲንጣጣ ግን ደጋኑ ወደ ኋላ ቀረ፤ ሳቀና እጁን አወረደ። ከዚያ ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ በአፉ ቀጠለ፣ ሳክሱ ትንፋሽ ሲወስድ እየጠበቀ፣ በየክፍተቱ ቃል እየጨመረ። ክፍተቱ ሁሉ በልኩ ነበር።