ዶሴ ፓሬስና ባሊንታዋክ፦ የሴቡ ኤስክሪማ የትምህርት ሐረግና ስልቶች

ኤስክሪማ የፊሊፒንስ ሕዝብ በዱላ፣ በጎራዴ፣ በጩቤና በባዶ እጅ የሚጠቀምበት የፍልሚያ ጥበብ ነው። ይኸው ጥበብ በማኒላና በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል አርኒስ ሲባል፣ በመካከለኞቹ የቪሳያስ ደሴቶች ኤስክሪማ በሚለው ስም ይታወቃል። ሁለቱም ስሞች ከስፔን ቋንቋ የመጡ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ጥሩርን፣ ሁለተኛው የጎራዴ ግጥሚያን ከሚያመለክቱ ቃላት የተወሰዱ ናቸው። ካሊ የሚለው ሦስተኛ ስም ወደ ዓለም የወጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ባስተማሩ ፊሊፒናውያን በኩል ነው፤ ጥንታዊ ነው ወይስ አዲስ በሚለው ላይ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። በደሴቶቹ የሚገኙት ስልቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ የትኛው ስልት ከየትኛው እንደ ወጣ በግልጽ ሊታይ የሚችለው ግን ከሁሉ ይልቅ በሴቡ ደሴት ነው። በዚያ፣ ዶሴ ፓሬስ ከተባለ አንድ ክበብ ባሊንታዋክ የተባለ ሌላ ክበብ ተገንጥሎ፣ የሁለቱ ፉክክር ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበትን የዱላ ፍልሚያ መልክ ሰጥቶታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኤስክሪማን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ዘወትር የሚጀምሩት ከሴቡ ፊት ለፊት ካለችው ከማክታን ደሴት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1521 መርከበኛው ፈርዲናንድ ማጄላን በደሴቲቱ አለቃ በላፑላፑ ተዋጊዎች እጅ የወደቀው በዚያች ደሴት ዳርቻ ነበር። በቦታው የነበረው ጣሊያናዊው ጸሐፊ አንቶኒዮ ፒጋፌታ ጫፋቸው በእሳት የጠነከረ የቀርከሃ ጦሮችንና የማጄላንን እግር ያቆሰለ ትልቅ ጎራዴ ይጠቅሳል። የስልት ስም ግን አንድም አልጻፈም። ስለዚህ የዛሬዎቹን ክበቦች ሐረግ በቀጥታ እስከ ላፑላፑ መምዘዝ የኩራት ጉዳይ እንጂ በሰነድ የተደገፈ ነገር አይደለም። በስም፣ በቦታና በዓመት ተለይቶ የሚታወቀው ሐረግ የሚጀምረው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ትምህርቱ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ በቤት ውስጥ ይተላለፍ ስለነበር የጽሑፍ ምስክር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የመጀመሪያው ዋና ስም ሎሬንሶ ሳቬድራ ነው። በቅጽል ስሙ ኤንሶንግ የሚባለው ይህ ሰው በ1920 በሴቡ ከተማ፣ ላባንጎን በተባለው ሰፈር፣ በሰፈሩ ስም የተጠራውን የጎራዴ ክበብ መሪ መምህር ሆኖ አቋቋመ። ክበቡ ብዙ ሳይቆይ ቢፈርስም አባላቱ አልተበተኑም። ጥር 11 ቀን 1932 የሳቬድራና የካኜቴ ቤተሰቦች ከሌሎች የደሴቱ አዋቂዎች ጋር ተሰብስበው ዶሴ ፓሬስ የተባለውን ክበብ መሠረቱ፤ ኤውሎሂዮ ካኜቴም ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ኤውሎሂዮ በ1988 እስኪሞት ድረስ፣ ማለትም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ፣ በዚያው ሥልጣን ቆይቷል። ይህ ርዝመት ራሱ ስለ ክበቡ ጠባይ ብዙ ይናገራል፤ ዶሴ ፓሬስ በደንብ ማኅበር ቢሆንም በተግባር የቤተሰብ ቤት ነበር።

ስሙ በስፔን ቋንቋ አሥራ ሁለቱ እኩዮች እንደ ማለት ሲሆን፣ በአውሮፓ የመካከለኛው ዘመን ተረት የንጉሥ ሻርለማኝ አሥራ ሁለት ጀግኖች የሚጠሩበት ስም ነው። የእነዚህ ጀግኖች ታሪክ በስፔን አገዛዝ ዘመን በፊሊፒንስ በግጥምና በመድረክ ትርኢት እጅግ የታወቀ ስለነበር፣ ለአንድ የሴቡ ነዋሪ ባዕድ አልነበረም። ከዚህም ሌላ፣ በክበቡ የሚሰጠው ትምህርት በአሥራ ሁለት መሠረታዊ ምቶች ላይ የቆመ በመሆኑ ቁጥሩ ሁለት ትርጉም አግኝቷል።

ዶሴ ፓሬስን ከሌሎች የሚለየው አንድ ስልት ብቻ አለመያዙ ነው። ክበቡ የተመሠረተው የየራሳቸው ዘዴ ያላቸውን አዋቂዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ለማሰባሰብ ስለነበር፣ ረጅም፣ መካከለኛና አጭር ርቀትን ለየብቻ የሚያስተምሩ መምህራን ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። የሳቬድራዎቹ ስልት በአጭር ርቀት ቀጥ ባለ መስመር የሚሰነዘር ነበር። ኤውሎሂዮ በረጅም ርቀት ፍልሚያ፣ ወንድሙ ፊሌሞን በጎራዴና በጩቤ በአንድነት በመጠቀም ይታወቃሉ፤ ፊሌሞን ያደራጀው ሳን ሚጌል የተባለው ስልት ዛሬም ራሱን ችሎ ይሰጣል። የስምንቱ ወንድማማቾች የመጨረሻ የሆነው ሲሪያኮ፣ ማለትም ካኮይ ካኜቴ (1919–2016)፣ በአጭር ርቀት ጠመዝማዛ ምቶችን የሚወረውር ስልት አበጀ፤ ከጁዶ፣ ከጁጁትሱና ከአይኪዶ የቀሰመውን ከዱላው ጋር አዋሕዶም ኤስክሪዶ የሚል ስም ሰጠው። ካኮይ ከመቶ በላይ ግጥሚያዎች አድርጎ አንድም ጊዜ እንዳልተሸነፈ ተማሪዎቹ ይናገራሉ። እንዲህ ያለ ወሬ በሴቡ በሁሉም ክበብ ስለ ሁሉም መምህር የሚነገር ስለሆነ፣ ሁሉንም ካመንን ተሸናፊው ማን ነበር ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ክበቡን በእጅጉ ጎዳው። የሎሬንሶ የወንድም ልጅና በጊዜው ምርጥ ከሚባሉት ተፋላሚዎች አንዱ የነበረው ቴዎዶሮ ሳቬድራ በጃፓን ወራሪዎች ተገደለ። ከጦርነቱ በኋላ ክብደቱ ወደ ካኜቴ ቤተሰብ አጋደለ፤ የሎሬንሶ ሳቬድራ ተማሪ የነበረውና ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ቬናንሲዮ ባኮን፣ በቅጽል ስሙ አንሲዮንግ፣ በዚህ አካሄድ ደስተኛ አልነበረም። ቅሬታው ከሥልጣን ጋር የተያያዘ ነበር፤ ከዚያ ባልተናነሰ ግን የዘዴ ጥያቄ ነበረው። በባኮን እምነት ሁለት ዱላ፣ ጎራዴና ጩቤ፣ ረጅም ርቀት እየተባለ የትምህርቱ ዓይነት መብዛቱ ሰውን ያዘናጋል እንጂ አያሠለጥንም፤ አንድ ዱላ፣ አንድ ባዶ እጅና ቅርብ ርቀት ይበቃሉ።

በ1952 ባኮን ከሌሎች የዶሴ ፓሬስ አባላት ጋር ወጥቶ በሴቡ ከተማ ባሊንታዋክ በተባለች ትንሽ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ተማሪው የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ጀርባ፣ ማሠልጠን ጀመረ። ክበቡ ስሙን የወሰደው ከጎዳናዋ ነው። ከማኒላ አጠገብ የሚገኝ ባሊንታዋክ የተባለ ቦታም በ1896 በስፔን ላይ ከተነሣው ዐመፅ ጋር ስሙ ስለሚነሣ፣ ቃሉ በፊሊፒናዊ ጆሮ የዐመፀኛ ድምፅ አለው፤ ከአንድ ነባር ቤት ተገንጥሎ ለወጣ ክበብ ከዚህ የተሻለ ስም ታስቦም ቢሆን የሚገኝ አይመስለኝም። በቀጣዮቹ ሁለት አሥርት ዓመታት በሁለቱ ክበቦች ሰዎች መካከል የተደረጉት ግጥሚያዎችና የጎዳና ጠቦች የከተማዋ መነጋገሪያ ነበሩ።

የባሊንታዋክ ትምህርት በቅርብ ሲታይ ይህን ይመስላል። መምህሩና ተማሪው እጃቸውን ቢዘረጉ በሚነካኩበት ርቀት ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ በቀኝ እጁ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የራታን ዱላ ይይዛል። ራታን ሐረግ መሰል የዘንባባ ዘመድ ተክል ሲሆን፣ ግንዱ ውስጡ ድፍን በመሆኑ እንደ ቀርከሃ አይሰነጠቅም፤ ሲደበደብ በስሎ ጫፉ እንደ ጭራ ይተለተላል እንጂ ስለት ያለው ስብርባሪ አይወጣውም። መምህሩ ወደ ግራ ጆሮ ግንድ ይሰነዝራል፤ ተማሪው በዱላው ይመክታል፤ የግራ እጁ ወዲያው የመምህሩን ዱላ ወይም አንጓ ተጭኖ መንገድ ይዘጋል፤ ከዚያ አጸፋውን ይመልሳል። መምህሩም ያንን መክቶ ቀጣዩን ምት ከየት እንደሚያመጣው ሳያስታውቅ ይልካል። ይህ ሳያቋርጥ የሚመላለስ ልምምድ በሴቡ ቋንቋ አጋክ ይባላል፤ መምራት፣ እጅ ይዞ መውሰድ እንደ ማለት ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው መምህሩ ነው፤ የተማሪው እጅ ሲዘገይ ያቀዘቅዛል፣ ሲለምድ ያፋጥናል፣ ሲኩራራ ደግሞ ራሱን ቧ ያደርግለታል። የባኮን መለያ ተደርጎ የሚወሳው ከዚህም አልፎ ተጋጣሚው የሚመልሰውን ምት አስቀድሞ አስልቶ፣ ወደሚፈልገው መልስ ገፋፍቶ ወጥመድ ውስጥ የማስገባት ችሎታው ነበር፤ ለዚህም የተሰጠው ስም ኩዌንታዳ ነው።

ችግሩ ባኮን ሥርዓተ ትምህርት አልነበረውም፤ የመጣለትን ያስተምር ነበር። በሰው መግደል ተፈርዶበት በታሰረ ጊዜ (ተማሪዎቹ በጨለማ አድፍጦ ከጠበቀው ሰው ራሱን ሲከላከል ነው ይላሉ) ትምህርቱን የማስቀጠል ሸክም በተማሪዎቹ ላይ ወደቀ። ከእነሱ መካከል በሙያው የሕግ ጠበቃ የነበረው ሆሴ ቪላሲን ጥቃቶችንና አጸፋዎቻቸውን በምድብ በምድብ ለይቶ አደራጀ፤ አንድ ተማሪ የመጀመሪያውን ምድብ ሳይጨርስ ወደ ሁለተኛው አይሻገርም። ጓደኛው ቴዎፊሎ ቬሌዝ በዚሁ የምድብ ዘዴ የራሱን ቅርንጫፍ አስፋፋ። ባኮን በ1981 ሲሞት፣ አንድ የነበረው ባሊንታዋክ የማራንጋ፣ የቪላሲን፣ የቬሌዝ እየተባለ በየመምህሩ ስም የሚጠራ ቤተሰብ ሆኖ ነበር።

ከሴቡ ውጭ ትልቁን ለውጥ ያመጣው በኔግሮስ ደሴት፣ ሂኒጋራን በተባለች ከተማ በ1936 የተወለደው ሬሚ ፕሬሳስ ነው። ፕሬሳስ ከአያቱ የጀመረውን ትምህርት በባሊንታዋክ አዳበረ፤ ከዚያም በ1960ዎቹ ዘመናዊ አርኒስ ያለውን ሥርዓት ቀርጾ ወደ ትምህርት ቤቶች አስገባው። በቀድሞው ልምድ ተለማማጆች አንዱ የሌላውን እጅ ይመቱ ስለነበር፣ ጣቱ ያበጠ ተማሪ በማግሥቱ አይመለስም ነበር። ፕሬሳስ ይህን ትቶ ዱላን በዱላ መምታትን መነሻ አደረገ። የእሱ አሥራ ሁለት ምቶች ቅደም ተከተል በብዙ አገሮች የታወቀ ነው፤ አንድና ሁለት ግራና ቀኝ ጆሮ ግንድን፣ ሦስትና አራት ትከሻዎችን፣ አምስት ሆድን በመውጋት፣ ስድስትና ሰባት ደረትን ግራና ቀኝ በመውጋት፣ ስምንትና ዘጠኝ ጉልበቶችን፣ አሥርና አሥራ አንድ ዓይኖችን፣ አሥራ ሁለት መሐል አናትን ያነጣጥራሉ። ፕሬሳስ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ አሜሪካ ሄዶ ቀሪ ዕድሜውን በየከተማው ሲያስተምር ኖረ፤ በ2001 በካናዳ አረፈ። በኋለኛው ዘመኑ ያስተማረውን ታፒ ታፒ የተባለ የቅርብ ርቀት ጨዋታ ባሊንታዋክን የሚያውቅ ሰው ሲያየው ምንጩ አይጠፋውም። ታናሽ ወንድሙ ኤርኔስቶም ኮምባታን የተባለ የራሱን ሥርዓት መሥርቷል።

ዶሴ ፓሬስ በበኩሉ ወደ ስፖርት አዘነበለ። ከካኜቴ ቤተሰብ የሆነው የሕግ ባለሙያው ዲዮኒሲዮ ካኜቴ የራስ ቁርና የሰውነት መከላከያ ያለበት፣ ነጥብ የሚያዝበት ውድድር አደራጀ፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናም በ1989 በሴቡ ተካሄደ። መከላከያው ሰውን ከስብራት አድኗል፤ ነገር ግን ምቱ ስለማያም ተወዳዳሪዎች መመከትን ትተው ቆመው መደባደብ ጀምረዋል የሚለው የነባሮቹ ወቀሳ ተገቢ ይመስለኛል። መንግሥትም ዘግይቶ ተከተለ፤ ታኅሣሥ 11 ቀን 2009 ፕሬዚዳንት ግሎሪያ ማካፓጋል አሮዮ የፈረሙት ሪፐብሊክ አዋጅ ቁጥር 9850 አርኒስን ብሔራዊ የማርሻል አርትና ብሔራዊ ስፖርት አደረገው። ፊሊፒንስ በ2019 ባስተናገደችው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች በአርኒስ ከቀረቡት 20 የወርቅ ሜዳሊያዎች 14ቱን ወስዳለች።

በዚህ መካከል የባሊንታዋክ የቆየ ጥያቄ ወደ አሜሪካ ተሻግሯል። የቬሌዝ ተማሪ የነበረው ቦቢ ታቦአዳ በሰሜን ካሮላይና፣ ሻርለት ከተማ ተቀምጦ በምድብ የተደራጀውን ትምህርት በደረጃና በምስክር ወረቀት ለብዙ አገሮች ሰልጣኞች አዳረሰ። በሚሺጋን የኖረው ቴድ ቡኦት ግን ምድብን አልተቀበለም፤ በቤቱ አንድ መምህር ከአንድ ተማሪ ጋር ብቻ፣ ምቱ በምን ተራ እንደሚመጣ ሳይነገር፣ በአጋክ ያስተምር ነበር። የሁለቱ ተማሪዎች ሲገናኙ የሚከራከሩት የባኮን እውነተኛ ዘዴ የትኛው ነው በሚለው ላይ ሲሆን፣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በቃል አያልቅም፤ ዱላ ይነሣል።