ስለ አትክልት፣ ፍራፍሬና አበባ ተረፈ ምርት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በማለዳ አትክልት ተራ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው የጎመን ቅጠል፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተጨፈለቀ ቲማቲምና ሙዝ ተሸፍኖበት የመጣ ደረቅ ቅጠል ነው። ከባቱ (ዝዋይ) እስከ ሆለታ ባሉ የአበባ እርሻዎችም አንገቱ የጎበጠ፣ ቅጠሉን በሽታ የነካው ወይም ቁመቱ ለገበያ ያልደረሰ ጽጌረዳ ከነግንዱ ይጣላል። ስለዚህ ተረፈ ምርት ሲነገር አንዱ ወገን «ቆሻሻ ነው፣ ይወገድ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ማንም ያልነካው ሀብት እንደሆነ ይሰብካል። ሁለቱም ግን ቅሪቱ ምን ያህል ውኃ እንደያዘ፣ ከምን ጋር እንደተቀላቀለና ከተጣለ ስንት ቀን እንደሆነው ሳይጠይቁ ይፈርዳሉ።

«የአትክልት ቅሪት የትም ቢጣል በስብሶ አፈር ይሆናል»

በጫካ የወደቀ ቅጠል በስሱ ተነጥፎ፣ አየር እያገኘ ይበሰብሳል። በቆሻሻ ክምር ውስጥ የታፈነ የአትክልት ቅሪት ግን አየር ስለማያገኝ ሜቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ሙቀት የማመቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ነው። ከክምሩ ሥር የሚወርደው ጥቁር ፍሳሽም ወደ ወንዝና ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይሰርጋል።

ይህን ሲሰሙ የኮስታሪካን ታሪክ የሚጠቅሱ አሉ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጓናካስቴ በተባለው አካባቢ 12,000 ቶን ያህል የብርቱካን ልጣጭና ጭማቂው የወጣለት ቅሪት በ3 ሄክታር የተራቆተ የግጦሽ መሬት ላይ ተራግፎ ነበር፤ ከ16 ዓመት በኋላ ቦታው በዛፍ ተሸፍኖ ተገኘ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ቅሪት ከሌላ ቆሻሻ ጋር ያልተደባለቀ አንድ ዓይነት ልጣጭ ነበር፤ የተራገፈውም የጥበቃ ክልል አካል በሆነና በባለሙያዎች በተመረጠ መሬት ላይ ነው። ከፌስታልና ከጠርሙስ ጋር ለተደባለቀ የገበያ ጥራጊ ምሳሌ አይሆንም።

ኮምፖስት (ከቅሪት የሚዘጋጅ የብስባሽ ማዳበሪያ) የሚፈልግ ሰው ግን 16 ዓመት መጠበቅ የለበትም። ለምለም ቅሪት ናይትሮጅንና ውኃ ስለሚበዛበት ብቻውን ከተከመረ ይላቁጥና ይሸታል፤ ስለዚህ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን እንዲደርስ ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም ሰጋቱራ ይታከልበታል። እርጥበቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከመሐሉ አንድ ጭብጥ ወስዶ ጠበቅ አድርጎ መጭመቅ በቂ ነው። አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ መልካም ነው፤ በጣቶች መሐል ከፈሰሰ ደረቅ ነገር ይጨመርበታል፤ ጭራሽ ካልወጣ ደግሞ ውኃ ይርከፈከፍበታል። በትክክል የተዘጋጀ ክምር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል፤ መሐሉ ላይ ተሰክቶ የቆየ ብረት ሲመዘዝ ለብዙ ጊዜ በእጅ ለመያዝ አይመችም። ይህ ሙቀት ነው የበሽታ ተሕዋስያንንና የአረም ዘርን የሚገድለው።

«ኮምፖስት ከሆነ ኬሚካሉ ሁሉ ይጠፋል»

ይህ አመለካከት ከሌሎቹ ይልቅ ያሳስበኛል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ በቀላሉ ይታመናልና። በአበባ እርሻ የሚረጩ ብዙ ጸረ ተባዮች በክምሩ ሙቀትና በተሕዋስያኑ ሥራ ይሰባበራሉ። ክሎፒራሊድን የመሳሰሉ አንዳንድ አረም ማጥፊያዎች ግን ኮምፖስቱ ከበሰለ በኋላም ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ከፈንገስ መከላከያ የሚመጣው መዳብ ደግሞ ራሱ ንጥረ ነገር በመሆኑ ጨርሶ አይፈርስም።

አርሶ አደሩ ራሱ ሊያደርገው የሚችል ፍተሻ አለ። በአንድ ቆርቆሮ ኮምፖስቱን ከንጹሕ አፈር ጋር እኩል ቀላቅሎ፣ በሌላው ንጹሕ አፈር ብቻ አድርጎ በሁለቱም ቦሎቄ መዝራትና ጥቂት ቅጠል እስኪያወጣ መጠበቅ ነው። ኮምፖስት ባለበት የበቀለው ቅጠሉ እንደ ሲኒ ከተጠቀለለ ወይም ግንዱ ከተጣመመ አረም ማጥፊያ እንዳለበት ያጠራጥራል፤ ለጓሮ አትክልትም መዋል የለበትም። ፍተሻው መዳብንና ሌሎች ቅሪቶችን ስለማያሳይ ለሽያጭ የሚቀርብ ኮምፖስት ያለ ላብራቶሪ ምርመራ መውጣት አይገባውም።

«ሰው ያልበላውን ከብት ይበላዋል»

አይሆንም። የአቮካዶ ቅጠልና ልጣጭ ፐርሲን የተባለ መርዝ ስላለው ፍየልንና ላምን ይጎዳል፤ የአረንጓዴ ድንችና የሻገተ ቅሪትም እንዲሁ አደገኛ ነው። የተረጨ አበባ ለመኖ አይታሰብም።

«ከተረፈ ምርት ዕቃ መሥራት ከውጭ የመጣ አዲስ ሐሳብ ነው»

እንሰት የሚፋቅበት ቤት ያደገ ሰው በዚህ ይስቃል። ሴቶቹ የግንዱን ንብርብር ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ አድርገው ሲፍቁ፣ ለቆጮ የሚሆነው ወደ ታች ይወርዳል፤ በእጃቸው የሚቀረው ነጭ ጭረት ቃጫ ነው። እሱም ደርቆ ገመድና ጆንያ ይሆናል። ቅጠሉ ደግሞ ድፎ ዳቦ ይጋገርበታል።

የአርባ ምንጭ ሙዝ የእንሰት ዘመድ ነው። አንዱ ግንድ አንድ ጊዜ ብቻ አፍርቶ ስለሚቆረጥ በየማሳው የሚጋደመው ብዙ ነው፤ ከእሱም ለገመድ፣ ለምንጣፍና ለወረቀት የሚሆን ጭረት ይወጣል። ይሁን እንጂ ግንዱ ከክብደቱ 90 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ግንዱን በኢሱዙ ጭኖ ወደ ፋብሪካ መውሰድ ውኃ ማመላለስ ስለሆነ፣ የመፋቂያው ማሽን ወደ ማሳው መሄድ አለበት።

«ከፍራፍሬ የተሠራ ቆዳ ከፕላስቲክ ነፃ ነው፣ በራሱም ይበሰብሳል»

ከአናናስ ቅጠል ጭረት የሚሠራው ፒኛቴክስ የተባለው ታዋቂ ምርት ከጭረቱ ጋር ፒኤልኤ የተባለ ከዕፅዋት የሚገኝ ፕላስቲክ ይቀላቀልበታል፤ ላዩም ሬዚን በተባለ ሙጫ መሰል ነገር ይሸፈናል። ፒኤልኤ ራሱ የሚበሰብሰው 58 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ የኢንዱስትሪ ማብላያ ውስጥ እንጂ በጓሮ ጉድጓድ አይደለም። ምርቱ በዚህ ምክንያት ከንቱ አይሆንም፤ ሻጩ ግን ይህን ለገዢው መናገር አለበት።

«ጥሬ ዕቃው ነፃ ስለሆነ ትርፉ የተረጋገጠ ነው»

ማንጎ ከተበላ በኋላ የሚቀረውን ፍሬ (ዘሩን) እንመልከት። በጠንካራው ቅርፊት ውስጥ ያለው አስኳል የሚሰጠው ስብ የካካዎ ቅቤን ስለሚመስል የአውሮፓ ኅብረት በቸኮሌት ውስጥ እንዲገቡ ከፈቀዳቸው ስድስት የዕፅዋት ስቦች አንዱ ነው። ነገር ግን ፍሬው በየጭማቂ ቤቱ ተበታትኖ ይገኛል፤ የሚሰበሰብበት ወቅት አጭር ነው፤ ቅርፊቱ ተሰብሮ አስኳሉ ቶሎ ካልደረቀ ይሻግታል። የብርቱካን ልጣጭም ለማርማላታ ማርጊያ የሚሆነውን ፔክቲን የሚሰጠው ሳይቦካ ከተያዘ ነው። ስለዚህ ባለሙያ ስለ ማሽኑ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት በየማለዳው ልጣጩን ለይቶ የሚሰበስበው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚከፈለውና ማድረቂያው ስንት ሰዓት እንደሚርቅ ይጠይቃል። ጭማቂ ቤቱም ልጣጩ ገዢ ማግኘቱን የሰማ ዕለት በነፃ መስጠቱን ያቆማል።