በአሜሪካ የመንግሥት መሬት ላይ ያለ ክፍያ ድንኳን ተክሎ ማደር፦ የ14 ቀኑ ገደብ
በምዕራብ አሜሪካ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በሚያስተዳድራቸው ሰፋፊ መሬቶች ላይ፣ የሚከለክል ምልክት እስከሌለ ድረስ፣ ያለ ክፍያ ድንኳን ተክሎ ማደር በአብዛኛው ይፈቀዳል። ብዙዎችን የሚያደናግረው ግን በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆየትን የሚከለክለው ገደብ ነው። ገደቡ የሚሰላው በ28 ቀናት ውስጥ በመሆኑ፣ ቀኑ የሞላበት ሰው ድንኳኑን ነቅሎ አጠገቡ ካለው ዛፍ ሥር ቢተክለው ሕጉን አከበረ አይባልም፤ በብዙ አካባቢዎች 40 ኪሎ ሜትር ያህል መራቅ ይጠበቅበታል። ርቀቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ አስቀድሞ የአካባቢውን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይበጃል። በእነዚህ ቦታዎች የቧንቧ ውኃም ሆነ መጸዳጃ ቤት ስለማይኖር፣ ቆሻሻን ሰብስቦ ይዞ መመለስ፣ ለመጸዳዳትም ከወንዝና ከምንጭ 60 ሜትር ያህል ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መልሶ በአፈር መድፈን ያስፈልጋል፤ በእኔ እምነት ከቀኑ ገደብ ይልቅ በጥብቅ ሊከበር የሚገባው ይህ ነው።